ዝም ያለው ኮንሶል፦ አንድ ራውተር በሦስት ሽቦ እንዴት ተመለሰ

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በአንድ የማስተላለፊያ ጣቢያ የተተከለ ራውተር ከርቀት መቆጣጠሪያችን ተሰወረ። አገልግሎቱ አልተቋረጠም። ደንበኞች ይደውላሉ፣ ዳታውም ይፈስሳል፤ መሣሪያውን ማየትም ማዘዝም ያቃተን እኛ ነን። ጣቢያው ድረስ ሄደን ላፕቶፕ ከኮንሶሉ፣ ማለትም መሣሪያውን አጠገቡ ሆነው በሽቦ በቀጥታ ከሚያዙበት መግቢያ፣ ጋር በኬብል ብናገናኝ በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ መስሎን ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከዚህ ሁሉ ስህተቱን ራሱን ለማረም የወሰደብን ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ ቀሪው ያለቀው ተርሚናሉን፣ ማለትም ትዕዛዝ የምንጽፍበትን የላፕቶፑን ፕሮግራም፣ ከመሣሪያው ጋር ለማነጋገር ስንታገል ነው።

ስለ ራውተር ትዕዛዞች ብዙ ተጽፏል። ከትዕዛዙ በፊት ስላለችው ሽቦ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፤ ጥቁር ስክሪን ፊት ቆሞ ለሚጨነቅ ባለሙያ ደግሞ የሚያስፈልገው ያ ነው። ስክሪኑ ባዶ ሲሆን፣ ዝባዝንኬ ሲያሳይ፣ ጽሑፉ ተነብቦ የቁልፍ ሰሌዳው እምቢ ሲል እነዚህ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው። እያንዳንዱም ምክንያቱን በራሱ መንገድ ይናገራል። በዚያ ጠዋት ሦስቱንም ተራ በተራ አየናቸው። ሰዎቹን፣ ጣቢያውንና የራውተሩን አምራች በስም አልጠራም።

## የነበረው ሁኔታ

ራውተሩ ከጀርባው ያሉ አሥራ አንድ ጣቢያዎችን ትራፊክ ሰብስቦ በፋይበር ወደ ዋናው ማዕከል ያሻግራል። ኃይል የሚያገኘው እንደ አብዛኛው የቴሌኮም መሣሪያ ከ48 ቮልት የቀጥታ ጅረት ሲሆን አዎንታዊው ጫፍ ከመሬት ጋር የታሰረ ነው። የምናስተዳድረው ለዚሁ ተግባር በተለየ አንድ የኢተርኔት ፖርት በኩል ነበር። የማንቂያ መልእክቶቹ፣ የመግቢያ ፈቃድ የሚሰጠው ማዕከላዊ አገልጋይና የእኛም የኤስኤስኤች (ከርቀት የሚያስገባው የተመሰጠረ) ግንኙነት በዚያው በአንድ ደጅ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

በሌሊቱ የጥገና ሰዓት ተረኛው መሐንዲስ በዚያ ደጅ ላይ የተቀመጠውን የመዳረሻ ማጣሪያ ሊያድስ ተነሣ። ማጣሪያው ማን መግባት እንደሚችል በየመስመሩ የሚዘረዝር ነው። የድሮውን ዝርዝር ሰርዞ አዲሱን፣ አርባ መስመር ያህል፣ በአንድ ጊዜ ለጠፈ። በዚያ መሣሪያ ላይ አንድም መስመር የሌለው ማጣሪያ ሁሉን ያሳልፋል። አንዲት መስመር የገባች እንደሆነ ግን ከሥሯ የማይታይ «ሌላውን ሁሉ ከልክል» የሚል ትእዛዝ አብሮ ይቆማል። የመጀመሪያዋ መስመር የምትፈቅደው የሰዓት ማመሳከሪያ አገልጋዩን ብቻ ነበር። እሷ እንደገባች የመሐንዲሱ የራሱ ግንኙነት ተቆረጠ፤ የቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ መስመሮች ሳይደርሱ ቀሩ።

ወዲያው የመጣልን ሐሳብ አጥፍቶ ማብራት ነው። ለውጡ በቋሚነት ስላልተቀመጠ መሣሪያው ሲነሣ የድሮውን ማዋቀሪያ (የአሠራር ቅንብሩን) ይዞ ይመለሳል። ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን መሣሪያው እስኪነሣ አሥራ አንዱም ጣቢያ ይጨልማል። ከዚህ የከፋም ነበር። የሥራ መዝገቡን ስናገላብጥ ከሦስት ሳምንት በፊት ለሁለት ጣቢያዎች ሁለት አዳዲስ መስመሮች በማዋቀሪያው ላይ መጨመራቸው ተጽፏል፤ በቋሚነት ስለመቀመጣቸው ግን ምንም አልተጻፈም። ካልተቀመጡ ራውተሩ ሲነሣ ሁለት ጣቢያዎችን ረስቶ ይነሣል፤ እኛም የትኛውን ቁጥር መልሰን እንደምናስገባ በእርግጠኝነት አናውቅም። ስለዚህ መሣሪያው በሕይወት እያለ፣ በአእምሮው የያዘውን ሳይረሳ፣ ልንገባበት የምንችል አንድ በር ብቻ ቀረ፦ ኮንሶሉ።

## ባዶው ስክሪን

ከአንድ ወጣት ቴክኒሻን ጋር ጣቢያው ስደርስ ገና ጎህ አልቀደደም። የያዝነው አንድ ላፕቶፕ፣ ከዩኤስቢ ወደ ተከታታይ መስመር (ቢቶችን አንድ በአንድ ወደሚያስተላልፈው የኮንሶል መስመር) የሚቀይር አንድ አስማሚ፣ እንዲሁም ዓመት ከዓመት ከቦርሳው የማይወጣ አንድ ሰማያዊ ጠፍጣፋ ኬብል ነው። ኬብሉን «ኮንሶል» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ሰካን፣ የተርሚናል ፕሮግራሙን ከፈትን፣ ኢንተርን ተጫንን። ምንም። ደጋግመን ተጫንን። ጥቁር ስክሪን፣ አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ፤ ሌላ የለም።

«ጋሼ፣ ኮንሶሉ ሞቷል» አለኝ ወጣቱ። «አጥፍተን ብናበራው አይሻልም?»

አይሻልም አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት። ከራውተሩ ኮንሶል በፊት መጠርጠር ያለባቸው ፕሮግራሙ፣ አስማሚው፣ ኬብሉና ፍጥነቱ ናቸው። ከላፕቶፑ ተነሥተን ወደ ራውተሩ አንድ አንዱን እያጣራን ለመሄድ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ላለመንካትም ተስማማን። ይህ ስምምነት በኋላ ላይ ከሁሉ የጠቀመን ነገር ሆኗል።

የላፕቶፑን የመሣሪያዎች ዝርዝር ስንከፍት ከአስማሚው ስም አጠገብ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት አገኘን። ድራይቨሩ፣ ላፕቶፑን ከአስማሚው ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ አልተጫነም። ፕሮግራማችን እስከዚያ ድረስ ከፍቶ ሲያዳምጥ የቆየው የብሉቱዝን ምናባዊ ፖርት ነበር። ከምንም ጋር ያልተያያዘ ፖርት ከፍተን የራውተሩን መልስ እንጠብቅ ነበር ማለት ነው። ትክክለኛውን ድራይቨር በስልክ ኢንተርኔት ፈልገን እስክንጭን አርባ ደቂቃ ሄደ። ስልኩ ኢንተርኔት ያገኝ የነበረውም በዚያው ማዘዝ ባቃተን ራውተር በኩል ነው፤ አጥፍተነው ቢሆን ኖሮ ድራይቨሩንም ባጣን ነበር።

ቀጥሎ አስማሚውን ፈተንነው። በባለ 9 ፒኑ አገናኝ ላይ በላፕቶፑ በኩል ፒን 2 ተቀባይ፣ ፒን 3 ላኪ፣ ፒን 5 የጋራ መሬት ነው። ወጣቱ አንድ የወረቀት ክሊፕ አቃንቶ ፒን 2ን ከፒን 3 ጋር አገናኘ። አንድ ፊደል ሲጫን ፊደሏ ስክሪኑ ላይ ወጣች፤ ክሊፑን አንሥቶ ሲጫን አልወጣችም። ብዙ ሰው ይህችን ሁለተኛ ግማሽ ይዘልላታል። ፕሮግራሙ የተጫኑትን ሁሉ ራሱ መልሶ እንዲያሳይ ተዋቅሮ ከሆነ ክሊፑ ኖረም አልኖረም ፊደሉ ይታያል፤ ፈተናውም ያታልላል። የእኛ አላታለለንም፤ ላፕቶፑና አስማሚው ከጥርጣሬ ነጻ ወጡ።

ቀሪው ኬብሉ ነው። እዚህ ላይ ስለ መስመሩ ጠባይ ትንሽ ልበል፤ መፍትሔው የመጣው ከዚያ ነውና። አርኤስ-232 የሚባለው መስፈርት መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በዚህ መስመር ላይ 1 የሚወከለው ከመሬቱ አንጻር ከዜሮ በታች ከ3 እስከ 15 ቮልት ባለው፣ 0 ደግሞ ከዜሮ በላይ ከ3 እስከ 15 ቮልት ባለው ነው። ምንም የማይልክ መስመር የሚያርፈው በ1 ላይ ነው። ስለዚህ በሕይወት ያለ ላኪ ዝም ብሎ ሳለ እንኳ ሽቦው ላይ አሉታዊ ቮልቴጅ ይገኛል። መልቲሜትር የያዘ ሰው ኮንሶሉ ሞቷል ወይስ አልሞተም ብሎ መከራከር አያስፈልገውም፤ ይለካዋል።

ኬብሉን ከራውተሩ ሳንነቅል ከአስማሚው ብቻ አላቀቅነው። ጥቁሩን የመልቲሜትር ዘንግ ቀዳዳ 5 ላይ፣ ቀዩን ቀዳዳ 2 ላይ አደረግን፤ ዜሮ። ቀዩን ወደ ቀዳዳ 3 አሻገርን፤ ከዜሮ በታች 5.7 ቮልት። ወጣቱ ቁጥሩን አንብቦ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር። ራውተሩ ሕያው ነው። ነገር ግን የሚናገረው ላፕቶፑም በሚናገርበት ሽቦ ላይ ነው፤ በአንደኛው ሽቦ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ በሌላኛው ሁለቱም ያዳምጣሉ።

ኬብሉ የማይክሮዌቭ ሬዲዮ ኬብል ነበር። ጫፉ እንደ ራውተሩ ኬብል አርጄ-45 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ነው፣ ቀለሙም ሰማያዊ ነው፣ በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ግን በሌላ ሥርዓት የተያያዙ ናቸው። ተከታታይ መስመር በአርጄ-45 ጫፍ ሲወጣ ሁሉም አምራች የሚከተለው አንድ የፒን አሰላለፍ የለም። ቅርጹ መግጠሙ ምንም አያረጋግጥም። ይህን ሳላጣራ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት ስለሠራልኝ ብቻ አመንኩት፤ ያኔ የሠራው ግን በሬዲዮው ላይ ነው።

ሌላ ኬብል አልነበረንም። የራውተሩ ሰነድ በላፕቶፑ ላይ ስለነበረ የኮንሶሉን ፒኖች አነበብን፦ 3 ላኪ፣ 4 እና 5 መሬት፣ 6 ተቀባይ። ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች ያስለመደው አሰላለፍ ነው፤ ሌሎች በርካታ አምራቾችም ይከተሉታል። ከጣቢያው መሳቢያ ያገኘነውን አንድ ተራ የኔትወርክ ኬብል አንድ ጫፉን ቆርጠን ልጣጩን አወለቅን። በተለመደው የቀለም አደራደር መሠረት ነጭና አረንጓዴው ሽቦ ከፒን 3፣ አረንጓዴው ከፒን 6፣ ሰማያዊው ከፒን 4 ይመጣል። ወጣቱ የሽቦዎቹን ጫፍ በፒንሳ እየያዘ በአስማሚው ፒኖች ላይ አንድ በአንድ ጠመጠማቸው፦ ነጭና አረንጓዴውን በ2፣ አረንጓዴውን በ3፣ ሰማያዊውን በ5 ላይ። እርስ በርስ እንዳይነካኩ እያንዳንዱን በናስትሮ ለየው።

ከመሰካታችን በፊት ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለን በባትሪ ብቻ እንዲሠራ አደረግን። ቻርጀሩ ከሕንጻው የኤሌክትሪክ መሬት ጋር ይገናኛል፤ መሣሪያዎቹ የተደረደሩበት ራክ ደግሞ የራሱ የመሬት መስመር አለው። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካለ ጅረቱ የሚያልፈው በዚያች በቀጭኗ ሰማያዊ ሽቦ በኩል ነው። በዚህ ምክንያት የተቃጠለ የኮንሶል ፖርት ከዚህ በፊት አይቻለሁ። በዚያ ጠዋት ያለችንን አንዲት በር በእጃችን ማቃጠል አንፈልግም ነበር።

## ዝባዝንኬው

ሰካን፤ ጠበቅን። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ምልክቶች ፈለቁ። ግማሾቹ የጥያቄ ምልክት፣ ግማሾቹ ባዶ ሳጥን ናቸው። ወጣቱ ተስፋ ቆረጠ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ባዶ ስክሪን ስለ ሽቦ ይናገራል፤ ዝባዝንኬ ግን ሽቦው ደህና መሆኑንና ሁለቱ ወገኖች በፍጥነት አለመስማማታቸውን ይናገራል። ከኤሌክትሪኩ ጣጣ ወጥተናል።

በዚህ መስመር ላይ ሁለቱ ወገኖች የጋራ ሰዓት የላቸውም። ላኪው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የመነሻ ቢት፣ ስምንት የመረጃ ቢቶች፣ አንድ የማብቂያ ቢት፣ በድምሩ አሥር ቢት ይልካል። ተቀባዩ የመነሻ ቢቱን ሲያይ በራሱ ሰዓት እየቆጠረ ቀሪዎቹን ያነብባል። የሰከንዱ ፍጥነት 9600 ቢት ከሆነ በሰከንድ 960 ፊደል ያልፋል፤ 115200 ከሆነ 11520። የራውተሩ ሰነድ ፍጥነቱ 9600 ነው ይላል፤ እኛም ያዋቀርነው በዚያ ነበር።

አሁን የምልክቶቹን ብዛት ልብ ይሏል። ራውተሩ በየጊዜው ከራሱ የሚያወጣቸው የማስታወቂያ መልእክቶች አንዳንዶቹ ሙሉ መስመር፣ ሰማንያ ፊደል ያህል ናቸው። እኛ ያየነው ስድስት ወይም ሰባት ምልክት ነው። ሰማንያ ፊደል በ115200 ሲላክ ሰባት ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ) ያህል ይፈጃል፤ በ9600 የሚያዳምጥ ተቀባይ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሰባት ፊደል በላይ ማንበብ አይችልም። ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ምልክት ከመጣ ላኪው ከእኛ የፈጠነ ነው፤ ከተጠበቀው በላይ ከጎረፈ ላኪው ከእኛ የዘገየ ነው። ይህን ስሌት የሠራሁት ግን ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ 19200ን፣ ከዚያ 38400ን፣ ከዚያ 57600ን ሞክረን፣ በእያንዳንዱ የሚቀጥለው መልእክት እስኪመጣ ጠብቀን፣ ግማሽ ሰዓት ካባከንን በኋላ ነው። 115200 ላይ ስናደርገው የሚቀጥለው መልእክት ቁልጭ ብሎ ተነበበ፤ ማዕከላዊውን የመግቢያ አገልጋይ ማግኘት አልቻልኩም ይላል።

ፍጥነቱን ማን፣ ለምን ቀየረው? በኋላ ተረዳነው። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ የራውተሩን ሶፍትዌር በዚሁ በኮንሶል መስመር ጭኖ ነበር። 8 ሜጋባይት ፋይል በ9600 ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ115200 አሥራ ሁለት ደቂቃ። ያደረገው ተገቢ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ ወደነበረበት አልመለሰውም፤ የትም ቦታም አልጻፈውም።

## የሚነበብ፣ ግን የማይሰማ

ጽሑፉ ይነበባል፤ ኢንተር ስንጫን ግን ምንም አይመለስም። ወጣቱ አረንጓዴዋ ሽቦ ተላቅቃ እንደሆነ ብሎ ናስትሮውን ሊፈታ ጀመረ። አስቆምኩት። ከመጨረሻው የተሳካ ፈተና ወዲህ የነካነው ምንድን ነው ብለን ቆጠርን። ሽቦውን አልነካንም። ፍጥነቱን በቀየርን ቁጥር ግን በፕሮግራሙ ላይ አዲስ መስኮት እንከፍት ነበር፤ አዲሱ መስኮት ደግሞ የሃርድዌር የፍሰት ቁጥጥርን አብርቶ ነው የሚነሣው።

የፍሰት ቁጥጥሩ ሲበራ ላፕቶፑ ከመላኩ በፊት በፒን 8 በኩል «ላክ» የሚል ፈቃድ ይጠብቃል። የእኛ ኬብል ሦስት ሽቦ ብቻ ነው፤ ፒን 8 ላይ ምንም የለም። ላፕቶፑ የማይመጣ ፈቃድ እየጠበቀ የተጫንናቸውን ፊደሎች ሁሉ ይዞ ተቀምጧል። ቁጥጥሩን «የለም» ላይ አደረግነው። ኢንተር ስንጫን የተጠቃሚ ስም የሚጠይቀው መስመር ወጣ።

## መግቢያውና እርማቱ

በሩ ቢገኝም ቁልፉ ወዲያው አልሠራም። ራውተሩ ስም በተሰጠው ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው ማዕከላዊውን አገልጋይ ነው፤ አገልጋዩ ደግሞ በተዘጋው ደጅ ማዶ ነው። መልስ እስኪያጣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው በውስጡ ወዳለው የአደጋ ጊዜ የተጠቃሚ መለያ የሚዞረው። ሁለት ጊዜ ተበላሸ ብለን አቋርጠን እንደገና ጀመርን። በሦስተኛው እጃችንን አጣጥፈን ጠበቅን፤ ገባን። የይለፍ ቃሉ በማዕከሉ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ የፈረቃ ኃላፊው ከፍቶ በስልክ አነበበልን። በስልክ የተነበበ ቃል ከዚያ በኋላ ምስጢር አይደለምና ሥራው እንዳለቀ ተቀየረ።

አንዲት ፊደል ከመለወጣችን በፊት የተርሚናል ፕሮግራሙ የሚያየውን ሁሉ በፋይል እንዲመዘግብ አደረግን፤ በሥራ ላይ ያለውን ማዋቀሪያ ከላይ እስከ ታች አወጣን፣ በቋሚነት ከተቀመጠውም ጋር አስተያየን። ጥርጣሬያችን እውነት ሆነ። የሦስት ሳምንቱ ሁለት መስመሮች አልተቀመጡም ነበር። ራውተሩን አጥፍተነው ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ጣቢያዎች ከአገልግሎት ውጪ ይሆኑ ነበር።

እርማቱ ቀላል ነው፤ በእሱም ላይ ግን አንድ ነገር ተሳስተናል። መጀመሪያ ማጣሪያውን ከፖርቱ ላይ አነሣነው። የማዕከሉ ማንቂያ ወዲያው ነቃ፤ መሐንዲሱ በስልክ «አየሁት፣ አየሁት» ሲል ሰማነው። ቀጥለን አርባውን መስመር በኮንሶሉ በአንድ ጊዜ ለጠፍን። የፍሰት ቁጥጥር በሌለው መስመር ላይ ራውተሩ አንዱን ትዕዛዝ አስተናግዶ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል፤ የሚያስቀምጥበት ሲሞላበት ፊደሎችን ይጥላል። ሦስት መስመሮች ተቆራርጠው ገብተው «የማይታወቅ ትዕዛዝ» ተባሉ። ተቆራርጦም ትርጉም የሚሰጥ አድራሻ ቢፈጠር ኖሮ ማንም ሳያየው ይቀር ነበር። ዝርዝሩን ሰርዘን በየመስመሩ መካከል 200 ሚሊሰከንድ እረፍት እንዲገባ ፕሮግራሙን አዋቀርን፤ አርባው መስመር በስምንት ሰከንድ ግድም ምንም ሳይጎድል ገባ። ዝርዝሩን ጮክ ብለን አንብበን ካመሳከርን በኋላ ነው ማጣሪያውን መልሰን ፖርቱ ላይ ያደረግነው። መሐንዲሱ ከማዕከሉ በኤስኤስኤች መግባቱን ሲያረጋግጥልን አስቀመጥን።

ከመውጣታችን በፊት የኮንሶሉን ፍጥነት ወደ 9600 መለስነው። ወጣቱ 115200 ይቆይና መለያ እንለጥፍበት ብሎ ነበር፤ ክርክሩ ደካማ አልነበረም። እኔ ግን መለያ ይወድቃል፣ ሰነዱ ግን 9600 ይላል፤ በጨለማ የሚመጣ የማያውቀን ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው አልኩ። ትዕዛዙ እንደገባ ስክሪኑ እንደገና ዝባዝንኬ ሆነ፤ ላፕቶፑንም በ9600 አድርገን መልሰን ገባንና ለውጡን አስቀመጥን። በመጨረሻም ከገባንበት የተጠቃሚ መለያ በትክክል ወጣን። የኮንሶል ኬብል ሲነቀል መሣሪያው የግድ አያውቅም፤ ሳይወጡ የሄዱ እንደሆነ ቀጣዩ ሰው ያለ ይለፍ ቃል በሙሉ ሥልጣን ሊገባ ይችላል።

## የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ የሠራልን መለካት ነው። የክሊፑ ፈተና ሁለት ደቂቃ አልወሰደም፤ የቮልቴጁ ልኬትም አምስት አይሞላም። ከእነዚያ በፊት ኬብሉን እየነቀልንና እየሰካን፣ ፕሮግራሙን እየዘጋንና እየከፈትን ያባከንነው ጊዜ ከሁለቱም ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ያልሠራው ግምት ነው። የፍጥነት ግምታችን ግማሽ ሰዓት በላ፣ የኬብል ግምቴም ከዚያ የበለጠ። አዲስ መስኮት በከፈትን ቁጥር ሳናውቅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንቀይር ነበር፤ «ሁለት ነገር አትንካ» የሚለውን ስምምነታችንን ያፈረሰው ፕሮግራሙ ነው፣ እኛም አልተቆጣጠርነውም። ሦስቱ የተጠመጠሙ ሽቦዎች ሠርተዋል፤ እንደ ዘላቂ አሠራር ግን ለማንም አልመክርም፤ አንዲት ጠንከር ያለች መጎተት ታላቅቃቸዋለች።

ቋሚ መፍትሔ ብለን በመጀመሪያ የወሰድነውም እርምጃ ስህተት ነበረበት። የኮንሶል መስመሮችን ሰብስቦ ከርቀት የሚያደርስ የተርሚናል አገልጋይ ራኩ ላይ ተከልን፤ የአገልጋዩን የኔትወርክ መስመር ደግሞ በዚያው ራውተር ባዶ ፖርት ላይ ሰካነው። ስንፈትነው የራውተሩን የአስተዳደር መንገድ ዘጋን፤ አገልጋዩም አብሮ ጠፋ። የአደጋ ጊዜ መውጫውን አደጋው በሚነሣበት ክፍል ውስጥ ነበር የሠራነው። አሁን አገልጋዩ የሚገናኘው በዚህ ራውተር በማያልፍ የሞባይል ሞደም በኩል ነው። ቴልኔት የሚባለውን የቆየ የርቀት መግቢያ ዘግተን ኤስኤስኤችን ብቻ ተውን። በዚህ በር የሚያልፈው ሙሉ ሥልጣን ነው፤ ቴልኔት ደግሞ የይለፍ ቃሉን ሳይሸሽግ ያስተላልፋል። ኤስኤስኤችም እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ የተሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከመስመሩ ላይ ስለተሰረቁ ነው።

## ለሌላ ጣቢያ የሚሆን

ኮንሶል የማይከፈትለት ሰው ከራሱ ወገን ይጀምር፦ የተከፈተው ፖርት የትኛው ነው፣ ድራይቨሩ ተጭኗል ወይ፣ የክሊፑ ፈተና ያልፋል ወይ። ከዚያ ኬብሉን ከመሣሪያው ጋር እንደተሰካ ይለካው፤ አሉታዊ ቮልቴጅ የመጣበት ፒን የመሣሪያው ላኪ ነው፣ ላፕቶፑም መስማት ያለበት በእሱ ነው። ምልክት መምጣት ሲጀምር ብዛቱን ይቁጠር። ጽሑፉ ተነብቦ ቁልፉ እምቢ ካለ ሽቦ ከመፍታቱ በፊት የፍሰት ቁጥጥሩን ይይ።

ከርቀት ማጣሪያ የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ማጣሪያውን ከፖርቱ ያንሣ፣ ዝርዝሩን ይሙላ፣ ያንብብ፣ ከዚያ ይመልሰው። መሣሪያው «በዚህን ያህል ደቂቃ ካላጸደቅኩት ለውጡን መልስ» የሚል ትዕዛዝ ካለው ያለ እሱ አይጀምር። ያልተቀመጠ ማዋቀሪያ ደግሞ ዕዳ ነው፤ ሥራው የሚያልቀው ሲሠራ ሳይሆን ሲቀመጥ ነው።

ቦርሳችንም ተለውጧል። ለእያንዳንዱ ዓይነት መሣሪያ የተለካ ኬብል አለ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ የመሣሪያው ዓይነት፣ ፍጥነቱና የተለካበት ቀን ተጽፏል። የተለያየ ቺፕ ያላቸው ሁለት አስማሚዎች፣ ድራይቨሮቻቸው በላፕቶፑ ላይ አስቀድመው ተጭነው፣ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ የወረቀት ክሊፕ።

አሁን ማንኛውም ባልደረባችን በየትኛውም ምክንያት ጣቢያ ሲሄድ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ለማየትም ቢሆን፣ ከመውጣቱ በፊት ኮንሶሉን ይሰካል፣ ኢንተር ይጫናል፣ የወጣውን መስመር ፎቶ አንሥቶ ይልካል። በሁለተኛው ወር ያ ወጣት ቴክኒሻን ከሌላ ጣቢያ የላከልን ፎቶ ባዶ ስክሪን ነበር። ከሥሩ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «የክሊፑ ፈተና አልፏል። ኬብሉ ተለክቷል። በራውተሩ ላኪ ፒን ላይ ዜሮ ቮልት።» በዚያኛው ጣቢያ ኮንሶሉ በእርግጥ ሞቶ ነበር። ኮንሶሉ ያለበት የራውተሩ ካርድ ትራፊክ በቀነሰበት ሰዓት፣ በታቀደ ጥገና ተቀየረ።